ቤንዚኑን ቆጥሮ መኪናውን የረሳ ሂሳብ፦ የሄርትዝ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጉዳይ

ኦክቶበር 25 ቀን 2021 ሄርትዝ የተባለው የአሜሪካ መኪና አከራይ 100,000 የቴስላ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው አለ። ወሬው እንደተሰማ የቴስላ አክሲዮን ተተኮሰ። በዚያው ቀን የቴስላ የገበያ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ትሪሊዮን ዶላርን አለፈ።

ጃንዋሪ 2024 ላይ ያው ሄርትዝ ሌላ ወሬ ይዞ ብቅ አለ። 20,000 ያህል የኤሌክትሪክ መኪኖቼን ልሸጥ ነው አለ። ካሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ ከፊሉ ደግሞ የነዳጅ መኪና እገዛበታለሁ አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ ወሬዎች መካከል ሁለት ዓመት ከምናምን አለ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጊዜ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የማይወድ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «አላልኳችሁም? ይሄን የሚያክል ድርጅት እንኳ ሸሸ» ይላል። የሚወድ ሰው ደግሞ «ጥፋቱ የአስተዳደሩ እንጂ የመኪናው አይደለም» ይላል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ላያቸው ግን ነገሩ ሁለቱም እንደሚሉት አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና በነዳጅና በሰርቪስ በኩል ይቆጥባል የሚለው ግምት ልክ ነበር። ሄርትዝ የተጎዳው በሌላ በር በገባ ወጪ ነው።

ጉዳዩን የመረጥኩት በአንድ ቀላል ምክንያት ነው። ጎረቤታችሁ መኪናው በዓመት ስንት እንደሚያስወጣው አይነግራችሁም። ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቀውም። በአሜሪካ አክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ድርጅት ግን በየሦስት ወሩ ሂሳቡን አደባባይ ማውጣት ግዴታው ነው። ስለዚህ ሌላው ሰው በሆዱ የሚይዘውን ኪሳራ እዚህ በቁጥር እናገኘዋለን።

ያኔ ሄርትዝ በምን ሁኔታ ላይ ነበር?

ሄርትዝ የተመሠረተው በ1918 ቺካጎ ውስጥ ነው። በሜይ 2020 ወረርሽኙ ጉዞን ሲያቆመው ከአበዳሪዎች የሚከልል የፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከዚያ የወጣው በጁን 2021 ነው። አዲስ ባለቤቶች መጡ፣ አዲስ ስም መገንባት ፈለጉ። ጊዜያዊ ሥራ አስፈጻሚው ማርክ ፊልድስ ቀድሞ ፎርድን የመራ ሰው ነው። ቶም ብራዲን የመሰለ የእግር ኳስ ኮከብ (የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ማለቴ ነው) ለማስታወቂያ ቀጠሩ። ባጭሩ ሞቅ ያለ ጊዜ ነበር።

ቀጥሎም በስልክ መኪና ከሚያስጠራው ከኡበር ጋር ተስማሙ። ለኡበር ሾፌሮች እስከ 50,000 ቴስላ ሊያከራዩ። በ2022 የተተኩት አዲሱ ሥራ አስፈጻሚ ስቲቨን ሸር ጎልድማን ሳክስ ከተባለው ባንክ የመጡ የገንዘብ ሰው ናቸው። በእሳቸው ጊዜ ደግሞ ከመኪና አምራቹ ፖልስታር እስከ 65,000፣ ከጄኔራል ሞተርስ እስከ 175,000 የኤሌክትሪክ መኪና በአምስት ዓመት ውስጥ ለመግዛት ዕቅድ ወጣ።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትመጣለች። የ100,000ው ቴስላ ወሬ በወጣ በሳምንቱ የቴስላ አለቃ ኢሎን መስክ ውሉ ገና እንዳልተፈረመ ጻፈ። ቴስላ ከሚያመርተው በላይ ፈላጊ ስላለው ለሄርትዝ የሚሸጠው ለማንኛውም ገዢ በሚሸጥበት ትርፍ ነው አለ። በሌላ አነጋገር ቅናሽ የለም። አከራዮች ደግሞ በጅምላ ሲገዙ ቅናሽ ማግኘት የለመዱ ናቸው። ከአንዳንድ አምራቾች ጋርማ ከዚያም ያለፈ ውል አላቸው፦ አምራቹ መኪናውን ከጊዜ በኋላ በተወሰነ ዋጋ መልሶ ይገዛል። እንዲህ ያለ ውል ሲኖር ዋጋ ቢወድቅ የሚደነግጠው አምራቹ ነው። ውሉ ከሌለ የሚደነግጠው አከራዩ ነው።

በወረቀት ላይ የማያሳፍረው ሂሳብ

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚሠራውን ሂሳብ እንሥራ። በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ያወጣል?

የቴስላ ሞዴል 3 መነሻው ዓይነት በአሜሪካ መንግሥት ልኬት በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውም በዚህ ውስጥ ተቆጥሯል። በ2023 አሜሪካ ውስጥ የመኖሪያ ቤት መብራት በአማካይ በኪሎዋት ሰዓት 16 ሳንቲም ገደማ ነበር። ስለዚህ 100 ኪሎ ሜትር 2 ዶላር ከ40 ይመጣል።

በሌላው ወገን በአከራዮች ግቢ ብዙ የምትታየውን ቶዮታ ካምሪ እንውሰድ። ባለ 2.5 ሊትር ሞተሯ በአማካይ በ100 ኪሎ ሜትር 7.3 ሊትር ገደማ ቤንዚን ትጠጣለች። በዚያው ዓመት ቤንዚን በአማካይ በጋሎን 3 ዶላር ተኩል፣ ማለትም በሊትር 93 ሳንቲም ያህል ነበር። 100 ኪሎ ሜትር 6 ዶላር ከ80 ይመጣል።

ልዩነቱ 4 ዶላር ከ40 ነው። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 880 ዶላር ይሆናል። ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሰርቪሱም ያግዛል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። ካንዴላ የለውም፣ ቺንጊያ የለውም፣ ማርሚታ የለውም፣ የሚያረጅ ፍሪሲዮን የለውም። የፍሬን ሸራውም ቶሎ አያልቅም፤ እግርን ከመርገጫው ሲያነሱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል። የሚብሰው ጎማ ላይ ነው። ባትሪው ከባድ ነው፣ አነሳሱም ኃይለኛ ነው፤ ጎማ ሁለቱንም አይወድም። እንዲያም ሆኖ በመደበኛ ጥገና በኩል የኤሌክትሪኩ እንደሚረክስ ሄርትዝ ራሱ ሲናገር ነበር።

ብዙ ሰው እስክሪብቶውን የሚያስቀምጠው እዚህ ጋ ነው። «አለቀ፣ የኤሌክትሪኩ ይረክሳል።» ለአንድ የግል መኪና ባለቤት፣ ቤቱ ሶኬት ካለው፣ እስካሁን ያለው ልክ ነው።

ግን ቤንዚኑን የሚከፍለው ማን ነው?

መኪና ተከራይታችሁ የምታውቁ ከሆነ መልሱ በእጃችሁ ነው። ነዳጁን የሚከፍለው ተከራዩ ነው። ሞልቶ ይወስዳል፣ ሞልቶ ይመልሳል። ያቺ 4 ዶላር ከ40 ወደ ሄርትዝ ኪስ አትገባም። ለተከራዩ ናት።

ለሄርትዝ የሚቀረው ምንድን ነው? መኪናው ራሱ። የገዛበት ዋጋ፣ የሚሸጥበት ዋጋ፣ በመካከል ያለው ጥገና፣ ግጭት፣ ኢንሹራንስ፣ እና መኪናው ቆሞ የዋለበት ቀን። አከራይ ድርጅት ላይ ላዩን የኪራይ ሥራ ይመስላል። ውስጡን ስታዩት መኪና ገዝቶ፣ ትንሽ ተገልግሎበት፣ መልሶ የመሸጥ ንግድ ነው። ትርፍና ኪሳራው በአብዛኛው በግዢና በሽያጩ መካከል ባለው ልዩነት ይወሰናል።

ተስፋው ይህ ነበር፦ ተከራዩ ነዳጅ ስለሚቆጥብና ቴስላ መንዳት ስለሚያምረው ለኪራዩ ጨመር አድርጎ ይከፍላል። ግን ፈላጊው የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ሄርትዝ በጃንዋሪ 2024 ሽያጩን ሲያሳውቅ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፦ የመኪናውን ቁጥር ከፈላጊው ጋር ማመጣጠን፣ ትርፋቸው አነስተኛ የሆኑ ኪራዮችን መቀነስ። ሁለተኛው ምክንያት የጉዳት ወጪ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

አንድ ሌሊት የወሰደው

በ2022 የሞዴል 3 መነሻ ዋጋ 46,990 ዶላር ደርሶ ነበር። በ2023 ቴስላ ደጋግሞ ዋጋ ቀነሰ። በዓመቱ መጨረሻ ያው መኪና 38,990 ዶላር ነበር። ሞዴል ዋይ በተባለው ሌላው የቴስላ መኪና ላይ የሆነው ደግሞ ይባስ። በጃንዋሪ 2023 ረጅም ርቀት የሚሄደው ዓይነት ከ65,990 ወደ 52,990 ዶላር በአንድ ሌሊት ወረደ። ማታ የገዛ ሰው ጠዋት ሲነሳ 13,000 ዶላር ተበልቷል። በዚያ ላይ በዚያው ዓመት ለብዙ አዲስ ገዢዎች እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የመንግሥት የግብር ቅናሽ ነበር።

ለአዲስ ገዢ ይህ ሠርግና ምላሽ ነው። ያገለገለ ቴስላ ይዞ ለሚሸጥ ግን ጉድ ነው። አዲሱ 39,000 ከሆነ ያገለገለውን በ40,000 ማን ይገዛል? የአዲሱ ዋጋ ሲወርድ ያገለገለው አብሮ ይወርዳል። ሄርትዝ ደግሞ የገዛው ቅናሽ ሳያገኝ ነው። ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኳት ነገር ይህች ናት።

ድርጅቱ 20,000ዎቹን መኪኖች ልሸጥ ሲል ለዋጋ መውረድ ብቻ 245 ሚሊዮን ዶላር በኪሳራ መዝገቡ ላይ ጻፈ። ለመኪኖቹ ሲካፈል በአንዱ ላይ 12,000 ዶላር ያህል ነው። ይህ በመደበኛው የእርጅና ተቀናሽ ላይ የተጨመረ እንጂ ብቻውን የቆመ አይደለም።

አሁን ይህን ከነዳጁ ቁጠባ ጋር አስተያዩት። በ100 ኪሎ ሜትር 4 ዶላር ከ40 እየቆጠቡ 12,000 ዶላር ለመመለስ ከ270,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ያስፈልጋል። ቁጠባው የሄርትዝ ቢሆን ኖሮ እንኳ ማለት ነው። አከራይ ደግሞ መኪናን ከሁለት ዓመት ብዙም አያቆይም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው።

በሚቀጥሉት ወራት ለሽያጭ የሚወጡት ወደ 30,000 ከፍ አሉ። በ2024 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ሌላ 195 ሚሊዮን ዶላር ተጻፈ። በማርች 2024 ሸር ሊለቁ መሆኑ ታወቀ፤ ጊል ዌስት ተተኩ።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዓመት ዋጋው የወደቀው የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ አልነበረም። በ2021 እና 2022 የኮምፒውተር ቺፕ እጥረት አዲስ መኪና ስላሳጣ ያገለገለ መኪና ጣሪያ ነክቶ ነበር። እጥረቱ ሲቃለል የቤንዚን መኪናውም ዋጋ ወረደ። ሄርትዝ በ2024 ሦስተኛ ሩብ ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የዋጋ ቅናሽ ሲጽፍ በውስጡ የነዳጅ መኪኖችም ነበሩ። በውድ ጊዜ የገዛ ሁሉ ተመቷል፤ ጎልቶ የታየው ግን የኤሌክትሪኩ ነው።

ሲጋጭስ?

የጥገና ነገር ሲነሳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንዱ ሰርቪስ ነው። ሌላው ግጭት ነው። በሰርቪስ የኤሌክትሪኩ ይረክሳል ብያለሁ። በግጭት ግን ተገለበጠ። ሸር እንዳሉት የተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና መጠገን ተመሳሳይ የቤንዚን መኪና ከሚያስወጣው እጥፍ ገደማ ያስወጣቸው ነበር።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ካሜራና ሴንሰር በየአቅጣጫው አለ፤ ትንሽ ነገር ሲነካ እንደገና ማስተካከል ይጠይቃል። ከስር የተዘረጋው ባትሪ ከከባድ ግጭት በኋላ መመርመር አለበት፤ እሱን የሚነካ ሁሉም ጋራዥ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መለዋወጫው ነው። ጄኔራል ሞተርስን የመሰለ አሮጌ አምራች ለአሥርተ ዓመታት የተዘረጋ የመለዋወጫ ገበያ አለው። ሌላ ፋብሪካ የሠራው ፓራውልትም በቀላሉ ይገኛል። የቴስላ በአብዛኛው ከቴስላ ብቻ ነው የሚመጣው። ሸር ይህንኑ ልዩነት በአደባባይ አንስተውታል።

የመለዋወጫ ዋጋ አንድ ነገር ነው። መጠበቁ ደግሞ ሌላ። ጋራዥ የቆመ የኪራይ መኪና ገቢ አያመጣም፤ ዋጋው ግን በቆመበትም ይወርዳል።

ታዲያ ለምን ይጋጫል? የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይሉን የሚሰጠው ገና እንደተነካ ነው። ሞዴል 3 ከቆመበት ተነስቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 6 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። እግር ሲነሳ ደግሞ ራሱ ይይዛል። የለመደ ሰው ይወደዋል። ዛሬ ማታ ከአውሮፕላን ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰውስ? ፍጥነቱን የሚያሳየው መሃል ላይ ያለ ስክሪን ነው። መስታወት ማስተካከል፣ አየር ማቀዝቀዝ፣ ሁሉም እዚያው ስክሪን ውስጥ ነው። ቁልፉ ካርድ ነው። እንኳን በጨለማ በቀንም ግራ ያጋባል።

በዚህ በኩል የግል ባለቤት ከሄርትዝ ይሻላል። መኪናውን በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። የኢንሹራንስ አረቦኑ ግን የጥገናውን ውድነት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያዋጣል። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ከገዛ በኋላ ነው።

ሶኬት የሌለው ሰው

ቅድም የሠራነው የ2 ዶላር ከ40 ሂሳብ የቤት ሂሳብ ነው። ተከራይ ቤቱ የለም። ሆቴል ነው ያለው። ሆቴሉ ቻርጀር ከሌለው መንገድ ላይ ያለ ፈጣን ቻርጀር መፈለግ አለበት። በዚያ ጊዜ የፈጣን ቻርጀር ዋጋ እንደ ቦታውና እንደ ሰዓቱ ይለያያል። በ45 ሳንቲም እንያዘው። 15 ኪሎዋት ሰዓት 6 ዶላር ከ75 ይመጣል። ካምሪዋ 6 ከ80 ነበረች። ቁጠባው ተነነ!

እንግዲህ ተከራዩ በገንዘብ አላተረፈም። በጊዜ ደግሞ ከስሯል። ቤንዚን በአምስት ደቂቃ ይሞላል። ፈጣን ቻርጀር ባትሪውን ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ወረፋ ከሌለ። ለበረራ ሁለት ሰዓት ለቀረው ሰው ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው።

ብርድ ሲጨመር ይባስ። የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2019 ባወጣው ሙከራ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ማሞቂያ ሲበራ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚሄዱት ርቀት በአማካይ በ41 በመቶ ቀንሷል። የቤንዚን ሞተር የሚያባክነው ሙቀት ለማሞቂያ በነፃ ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩ ያን ሙቀት ከባትሪው መቅዳት አለበት። መኪናውን የሚያውቅ ሰው ከመውጣቱ በፊት ሶኬት ላይ እንዳለ ያሞቀዋል። ተከራይ ይህን ማን ነግሮት?

የአከራዩም ግቢ ራስ ምታት አለበት። የቤንዚን መኪና ተመልሶ ታጥቦ፣ ተሞልቶ፣ ወዲያው ይወጣል። የኤሌክትሪኩ ባዶውን ከተመለሰ ለሰዓታት ይሰካል። አንዳንዴማ ድርጅቱ ራሱ የትኛውን መኪና እንደሚያከራይ የረሳ ይመስል ነበር። በ2024 አንድ ደንበኛ ቴስላ መልሶ የቤንዚን ሂሳብ እንደተጠየቀ በዜና ተዘግቧል። ሲስተሙ ነዳጅ ብሎ ነው የሚያውቀው መሰለኝ።

የኡበር ሾፌሩስ? የእሱ ጉዳይ ለየት ይላል። ብዙ ይነዳል። ነዳጁን የሚከፍለው ራሱ ነው። መኪናውን በሁለት ቀን ይለምደዋል። ቤቱ ሶኬት ካለው ከሁሉም በላይ የሚጠቀመው እሱ ነው። በዓመት 40,000 ኪሎ ሜትር ከነዳ በቅድሙ ዋጋ 1,760 ዶላር ይተርፈዋል። ያው ሾፌር የሚኖረው ማቆሚያ በሌለው አፓርታማ ከሆነ ግን ቁጠባው ዜሮ ይጠጋል፣ በየቀኑም ቻርጀር ጋ ቆሞ የሚያጠፋው ሰዓት ገቢው ላይ ይቀነሳል። መኪናውም ሾፌሩም አልተለወጡም። የተለወጠው ማታ የሚያድርበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ሰው «የኤሌክትሪክ ልግዛ ወይስ የቤንዚን?» ሲለኝ መልሼ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳለህ? ማታ የት ታቆማለህ? ስንት ዓመት ታቆየዋለህ? የፈረስ ጉልበቱን፣ የስክሪኑን ስፋት አልጠይቅም። ብዙ የማይነዳ ሰው፣ በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር እንበል፣ ቤቱ ቢሰካም በዚያ ዋጋ የሚቆጥበው 440 ዶላር ነው። የሁለቱ መኪኖች መግዣ ልዩነት 6,000 ዶላር ከሆነ ነዳጁ ብቻውን ለመመለስ ከ13 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የየራሳችሁን የመብራትና የነዳጅ ዋጋ ስታስገቡበት ቁጥሩ ይለወጣል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ማቆያ ዘመኑ የሚናቅ አይደለም። መኪና ዋጋው ከሁሉም በላይ የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ሄርትዝ የከፈለው ያንን ገደል ነው። አሥር ዓመት የሚይዝ ሰው ያው ገደል አለበት፣ ግን ለአሥር ዓመት ይከፋፈልለታል፤ በየዓመቱም ነዳጅ ይቆጥባል።

ገደሉን ሌላ ሰው የወረደለት

ይህ የታሪኩ የምወደው ክፍል ነው። ሄርትዝ የሸጣቸው መኪኖች የት ሄዱ? ሰው ገዛቸዋ!

ብዙዎቹ ሞዴል 3ዎች ከ25,000 ዶላር በታች ለገበያ ቀረቡ። ያቺ ቁጥር ዝም ብላ የመጣች አይደለችም። ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ከሻጭ ድርጅት በ25,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ለገዛና ገቢው ከተወሰነው ላልበለጠ ሰው እስከ 4,000 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽ ነበር። (በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ቀርቷል።) ስለዚህ አንዱ ወገን በ12,000 ዶላር ጉዳት የተለየውን መኪና ሌላው ወገን መንግሥት ደግፎት ወሰደው።

አሁን ሂሳቡን በሁለተኛው ባለቤት ዓይን ሥሩት። የዋጋው ገደል ከኋላው ነው። ነዳጁን ራሱ ነው የሚከፍለው፣ ስለዚህ ቁጠባው የራሱ ነው። መኪናውን ስለሚለምደው አነሳሱ አያስደነግጠውም። ቤቱ የሚሰካ ከሆነ ፈጣን ቻርጀር የሚያየው ረጅም መንገድ ሲወጣ ብቻ ነው። ትልቅ መሣሪያ እንኳ አያስፈልገውም። በ2.3 ኪሎዋት የሚሰጥ ተራ ሶኬት በ10 ሰዓት ሌሊት 23 ኪሎዋት ሰዓት ያስገባል። 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው ሰው በቀን ከሚነዳው ይበልጣል። (የአሜሪካ ተራ ሶኬት ደከም ያለ ነው፤ እዚያ ጠንከር ያለ መስመር ማስገባት ይሻላል።)

ባትሪውስ? የሁሉም ሰው ፍርሃት እሱ ነው። የሞዴል 3 መነሻው ዓይነት ባትሪ ለ8 ዓመት ወይም ለ160,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ ለሞላው ዋስትና አለው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች እንዳይወርድ። በ2022 ወጥቶ በ2024 የተሸጠ መኪና ኪሎ ሜትሩን ካልጨረሰ ስድስት ዓመት ይቀረዋል። ችግሩ የኪራይ መኪና፣ በተለይ ኡበር የሠራ፣ ኪሎ ሜትሩን ቶሎ መጨረሱ ነው። ዋስትናውን የሚበላው ዓመቱ ሳይሆን መንገዱ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ልታዩ ከሄዳችሁ ከስክሪኑ በፊት ጎማውን እዩ። ተከራይ ለጎማ አያዝንም። ከዚያ የፓራውልቱንና የበሮቹን ክፍተት እኩል መሆን ተመልከቱ፣ ተጋጭቶ የተጠገነ መኪና እዚያ ጋ ይናገራል። ከስሩ ጎንበስ ብላችሁ የባትሪው መሸፈኛ የተጫረ ወይም የተጨረመተ መሆኑን አረጋግጡ። ባትሪው ሙሉ ሲሆን የሚያሳየውን ርቀት ጻፉና አዲስ ሳለ ከነበረው ጋር አስተያዩት፤ የ2022ቱ መነሻ ዓይነት አዲስ ሳለ 438 ኪሎ ሜትር ተብሎ ነው የወጣው። የኢንሹራንሱን ዋጋ ከዚያው ሆናችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ቤታችሁ ማታ የምትሰኩበት ቦታ ከሌለ ግን ዞር በሉና ከጎን የቆመችውን ካምሪ እዩ። ሄርትዝ እሷንም ይሸጣል።